«የካንሰር መድኃኒት ጓዳችሁ ውስጥ ነው» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር ከረመ። ርዕሱ «የካንሰር መድኃኒት ጓዳችሁ ውስጥ ነው» ይላል። ጅማ ውስጥ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ያነበበው ይመስለኛል። ፋርማሲ የምሠራ ሰው በመሆኔ ደግሞ ሊንኩን እየላኩ «እውነት ነው እንዴ?» የሚሉኝ በዙ። «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ መገላገል ቢቻል ደስ ባለኝ። ችግሩ ከጽሑፉ ብዙው እውነት መሆኑ ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሙሉ በሙሉ ቅጥፈት ቢሆን ኖሮ ስቀን እናልፈው ነበር።

ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ። በዓለም ዙሪያ ተመራማሪዎች በቅመማ ቅመም ውስጥ ያሉ ውህዶችን እየፈተሹ የካንሰር መድኃኒት ይፈልጋሉ ይላሉ ጸሐፊው። የእርዱ ኩርኩሚን፣ የጥቁር አዝሙዱ ታይሞኩዊኖን፣ የዝንጅብሉ ጂንጀሮል የካንሰር ሴልን በላብራቶሪ ገድለዋል። ኮምፒውተርም አንዳንዶቹ ከታወቁ መድኃኒቶች እንደሚበልጡ አሳይቷል። ብዙ የኬሞ (የካንሰር ሴልን የሚገድል) መድኃኒት ከተክል የመጣ ስለሆነ ቅመምም ያው ነው። ቅመም የሚወዱ አገሮች ካንሰር ያንሳቸዋል። የመድኃኒት ኩባንያዎች ይህን የሚደብቁት ፓተንት (ብቻቸውን የመሸጥ መብት) ስለማያገኙበት ነው። መጨረሻ ላይ አዘገጃጀት አለ፦ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድና ጥምዝ አብሮ ተፈጭቶ፣ በማር ተለውሶ፣ ጠዋትና ማታ አንድ ማንኪያ። «የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም። ኬሞ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ወር ሞክሩት» ብለው ይዘጋሉ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ግን የቅን ሰው ነው። የሚሸጡት ነገር የለም፤ ስልክ ቁጥርም አላስቀመጡም። ስለዚህ ምላሼም በዚያው ልክ ይሁን።

ፍለጋው አለ። በዚህ አንጣላም። እንዲያውም እርሳቸው ከነገሩን የሰፋና የቆየ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1982 ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ የተክል ዓይነቶችን አስፈትሿል። ከእነዚህ ከ100,000 በላይ ናሙና ተጨምቆ ተሞክሯል። ከዚያ ሁሉ ሐኪም ቤት የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጸሐፊው መጀመሪያውን ነገሩን፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን መንገድ ግን ዘለሉት። የኔ ጥያቄ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ከተዘለለው ቦታ ነው።

«ኩርኩሚን የካንሰር ሴልን በላብራቶሪ ገድሏል» ይላሉ። ገድሏል። ታይሞኩዊኖንም፣ ጂንጀሮልም ገድለዋል። ነገር ግን ሳህን ላይ የተዘረጋ ሴልን መግደል ያን ያህል ከባድ ነገር አይደለም። በረኪናም ይገድለዋል። ጨውም ከበዛ ይገድለዋል። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ጤነኛውን ሴል ትቶ የታመመውን ለይቶ ይገድላል ወይ? ተውጦ፣ በአንጀትና በጉበት አልፎ፣ ዕጢው ያለበት ቦታ በበቂ መጠን ይደርሳል ወይ? የላብራቶሪ ሳህን ጉበት የለውም፤ ኩላሊት የለውም። ተመራማሪው ውህዱን በቀጥታ ሴሉ ላይ ያፈስሰዋል። እኛ ግን እርዱን የምናፈሰው ወጡ ላይ ነው።

እስቲ እናስላው። በደረቅ የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከክብደቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ነው። የቆሽት ካንሰር የያዛቸው ሰዎች በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን ይወስዱ ነበር። ይህን ያህል ኩርኩሚን ከእርድ ይገኝ ቢባል በቀን ከሩብ ኪሎ በላይ እርድ መዋጥ ያስፈልጋል። በየቀኑ! አንድ ቤተሰብ ሩብ ኪሎ እርድ ለስንት ጊዜ እንደሚበቃው ማጀት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይንገራችሁ። በማንኪያ በጥቁር አዝሙድ ተቀላቅሎ የሚዋጠው ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ውጤቱስ? ጸሐፊው ዕጢው በጣም የቀነሰለትን አንድ ሰው ጠቅሰዋል። ልክ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ነገር ግን የተገመገሙት ሕሙማን 21 ነበሩ። የዚያ ሰው ዕጢም የቀነሰው ለአጭር ጊዜ ነው። ሌላ አንድ ሰው ደግሞ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሳይባባስበት ቆይቷል። የቀሩት ላይ ይህን መሰል ነገር አልታየም። ያን ሁሉ ኩርኩሚን ውጠው እንኳ በደማቸው የተገኘው ኢምንት ነበር። ይህ ጥናት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያዩትን በሐቀኝነት ጽፈዋል። ከ21 አንዱን መርጦ «ይኸው ሠራ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ኩርኩሚን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የመድኃኒት ኬሚስትሪ ባለሙያዎች እስከዚያ የተደረገውን ሁሉ ሰብስበው ገመገሙ። በሰው ላይ ከ120 በላይ ሙከራዎች ተደርገዋል። በማስመሰያ ኪኒን እየተነጻጸረ፣ ሐኪሙም ታማሚውም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ከተደረጉት ውስጥ አንድም የተሳካ አላገኘንም አሉ። ታዲያ ላብራቶሪ ውስጥ ያ ሁሉ ተስፋ ከየት መጣ? ያስቀመጡት ምክንያት በጣም ደስ ይላል፤ ማለቴ ለኛ ለባለሙያዎቹ። ኩርኩሚን ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ያበራል። ብዙ የላብራቶሪ ፍተሻ ደግሞ ውጤቱን የሚያነበው በብርሃን ነው። ከዚህም ከዚያም ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበታተናል። እንዲህ ዓይነት ውህድ በየትኛውም ፍተሻ «አለሁ» ይላል። ተመራማሪው ደስ ብሎት ይጽፋል፤ ሌላው ያንን ጠቅሶ ይቀጥላል። በዚህ ላይ በመስኩ ስሙ የገነነ አንድ ተመራማሪ ያወጣቸው በርካታ ጽሑፎች በምስልና በመረጃ ችግር ከመጽሔቶች ተሰርዘዋል። እነዚያን ጽሑፎች ተንተርሰው የተጻፉት ግን ዛሬም ይዞራሉ። ጸሐፊው «በሺዎች የሚቆጠሩ ጥናቶች» ሲሉ እነዚህም እዚያው ውስጥ አሉበት።

ጥቁር አዝሙድን በተመለከተ አጭር ነው። ታይሞኩዊኖን ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ካንሰራቸው በጣም ለገፋ ሰዎች ተሰጥቶ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ሰዎቹ ያለ ብዙ ችግር ቻሉት። ካንሰሩ ላይ ግን ያመጣው ለውጥ አልታየም።

ይህ ለቅመም ብቻ የተለየ ዕድል አይደለም። በሴልም በአይጥም አልፈው፣ ሰው ላይ መሞከር ከጀመሩ የካንሰር መድኃኒቶች ውስጥ ፈቃድ እስከማግኘት የሚደርሱት ከ20 አንዱ ገደማ ናቸው። ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር ከሳህን የሚጀምሩትን አይጨምርም። ከሳህን ከተነሳንማ ቁጥሩ ያሳፍራል።

«ኮምፒውተር አረጋግጧል» የሚለው ነጥብ ላይ ብዙ ሰው የተማረከ ይመስለኛል። ኮምፒውተር ሲባል የማይሳሳት ይመስላል። የተደረገው ነገር ሞለኪዩላር ዶኪንግ ይባላል። ካንሰር ውስጥ ሥራ ያለው አንድ ፕሮቲን በሦስት አቅጣጫ ቅርጹ ይወሰዳል። የቅመሙ ውህድ በፕሮግራሙ ውስጥ በዚያ ፕሮቲን ጎድጓዳ ላይ ይገጠማል። ፕሮግራሙ ምን ያህል ጠብቆ እንደሚይዝ ገምቶ ነጥብ ይሰጣል። ይህ ጠቃሚ ሥራ ነው። ላፕቶፕና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ሊሠራው ይችላል፤ እኛ አገርም ይሠራል፤ ይበርታ። ሺህ ውህድ ካለህ የትኞቹን ሃያዎቹን ልግዛና ልፈትሽ የሚለውን ያቀልልሃል። ግን ነጥቡ ግምት ነው። ውህዱ ከአንጀት ወደ ደም ይገባ እንደሆነ አይነግርህም። ጉበት በስንት ደቂቃ እንደሚሰባብረው አይነግርህም። ከሌላ መቶ ፕሮቲን ጋርም ይጣበቅ እንደሆነ አይነግርህም። ዶኪንግ አይቶ «መድኃኒት ተገኘ» ማለት ፎቶ አይቶ ሠርግ እንደመደገስ ነው። ጸሐፊው «ከታወቀው መድኃኒት በልጧል» ያሉትም በነጥብ ነው እንጂ በታማሚ አይደለም።

አሁን ወደምወደው ነጥብ ልምጣ። «ብዙ የኬሞ መድኃኒት ከተክል ነው የመጣው፤ ስለዚህ ቅመምም ያው ነው» ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ፍጹም እውነት ነው። ለሕጻናት የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር ከመጣች አበባማ ተክል ተገኘ። ለጡትና ለእንቁልጢ ካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክሴል ከአንድ የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ተገኘ። ቅርፊቱ የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። የውህዱ ኬሚካላዊ መዋቅር የታተመው በ1971 ነው። ፈቃድ ያገኘው በ1992 ነው። 30 ዓመት! ይህን መንገድ ነው «ያው ነው» በሚል ሁለት ቃል የዘለልነው።

የእኛው አገርም ታሪክ አለው። ጸሐፊው ቢጠቅሱት ኖሮ ለጽሑፋቸው ከእርድ ይልቅ የተሻለ ምሳሌ በሆናቸው። አታትን ታውቁታላችሁ፤ እሾሃማው ቁጥቋጦ። በእኛ አካባቢ በኦሮምኛ ኮምቦልቻ ይሉታል። ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአታት ወገን ተክል ነው የአሜሪካዊው ኬሚስት የኩፕቻን የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የሚባል ውህድ አግኝቶ ያሳተመው። ከአንድ ኪሎ ተክል የሚወጣው በሚሊግራም የሚለካ ኢምንት ነበር። ጉልበቱ ግን ለጉድ ነው። ሴል ላይ ሲሞከር ከቪንክሪስቲን በብዙ እጥፍ በረታ። ሁሉም ጓጓ። ወዲያው ሰው ላይ ተሞከረ። ታማሚዎቹ በትውከት፣ በተቅማጥ፣ በነርቭ ጉዳት ተሠቃዩ። ዕጢው ግን በሚገባ አልቀነሰም። መርዝ ነበረ፤ ጠላትና ወዳጅ የማይለይ መርዝ። መድኃኒቱ ተጣለ።

ከዓመታት በኋላ ሌሎች ሰዎች አንስተው አቧራውን አራገፉት። ሜይታንሲንን በጥቂቱ ለውጠው፣ የጡት ካንሰር ሴል ላይ በብዛት የሚገኝ ኸር-2 የሚባል ፕሮቲንን ፈልጎ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሠሩት። መርዙ በደም ሲዞር ታስሮ ይዞራል። የካንሰሩ ሴል ሲውጠው ውስጥ ገብቶ ይፈታል። ይህ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈቀደ። ከኢትዮጵያ ቁጥቋጦ እስከ ታማሚው ክንድ 40 ዓመት ፈጅቷል።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ከጸሐፊው የተለየ ነው። አታትን አፍልቶ የጠጣ ሰው ከጡት ካንሰር አልዳነም። የዳነው በጥንቃቄ የተለካ፣ የተለወጠ፣ የታሰረ ውህድ በደም ሥሩ የተሰጠው ነው። ቪንክሪስቲንም ቢሆን እንደዚያው ነው። መጠኑ በሚሊግራም ነው። በስህተት ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ከገባ ሰው ይገድላል። ካንሰርን የሚገድል ውህድ ባሕርይው ይህ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡ። ቅመም ጓዳችን የገባው እንዴት ነው? አያቶቻችን ቀምሰው፣ አብስለው፣ ልጅ አብልተው፣ ማንንም የማይጎዳውን መርጠው ነው። ሴል በኃይል የሚገድል ነገር ኮረሪማ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ኮረሪማ ቡናችንና ቅቤያችን ውስጥ ባልተገኘ። ከረጅም ጊዜ በፊት «ከብት እንዳይበላው» ተብሎ ከአጥር ውጭ በተጣለ ነበር። ጓዳ ውስጥ መገኘቱ ራሱ ጉልበቱ የለዘበ መሆኑን ይመሰክራል። ይህ ክርክር ሙሉ በሙሉ በር እንደማይዘጋ አውቃለሁ። የለዘበ ውህድ በኬሚስት እጅ ተለውጦ የበረታ ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚሞክሩ አሉ። ሲሳካ ግን የሚገኘው ከእርድ የተነሳ ሌላ ነገር ነው፤ እርዱ አይደለም።

«ቅመም የሚበሉ አገሮች ካንሰር ያንሳቸዋል» የሚለው ህንድን ነው ያስቀደመው። የህንድ የካንሰር ምጣኔ ከአሜሪካ ያነሰ ሆኖ መመዝገቡ እውነት ነው። ግን ካንሰር በአብዛኛው ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ በሽታ ነው፤ የህንድ ሕዝብ ደግሞ ወጣት ነው። ዕድሜውን አስተካክለን ብናስላው እንኳ ያልተመረመረ ካንሰር አይቆጠርም። ደግሞም ህንድ በአፍ ካንሰር በዓለም ከፍተኛ ቁጥር ካላቸው አገሮች ናት። ምክንያቱ በአብዛኛው የሚታኘክ ትምባሆና የቢትል ፍሬ ነው። እርዱ ከትምባሆው አላዳነም።

ሩቅ ምን አስኬደን? እኛስ? በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ ሳይገባበት የሚሠራ ወጥ አለ? እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 በተሠራው ዓለም አቀፍ ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ወደ 77 ሺህ አዲስ የካንሰር ታማሚ ይኖራል። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ሆኖ ማለት ነው። ሴቶቻችን ላይ የሚበረቱት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ክትባቱም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገራችን ውስጥ ለልጃገረዶች ይሰጣል። ጽሑፉ ስለዚህ ክትባት አንድም ቃል የለውም። ስለ ጓዳ ሲያወራ ጤና ጣቢያውን ረሳው።

ደግሞ ጅማ ተቀምጦ ስለ ቡና ዝም ማለት አይሆንልኝም። ከሕዝብ ጥናት ተነስተን እንከራከር ካልን ከእርድ ይልቅ ቡና የተሻለ መረጃ አለው። ቡና የሚጠጡ ሰዎች የጉበትና የማኅፀን ግድግዳ ካንሰር እንደሚያንሳቸው በብዙ ትልልቅ ጥናቶች ታይቷል። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ «ሊሆን ይችላል» ከሚለው ከፍ አድርጎ አስቀምጦታል። ሆኖም ይህን አይቶ የጉበት ካንሰር ለያዘው ሰው ሦስት ሲኒ ቡና ያዘዘ ሐኪም አላየሁም። በነገራችን ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቡናን ከጥርጣሬ ነፃ ባወጣበት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ግን ለምግብ ቧንቧ ካንሰር አጋላጭ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። ስለዚህ አቦሉን ትንሽ አብርዱት።

ስለ ኩባንያዎቹ ብዙ አልልም። መድኃኒት ውድ ነው። አንዳንዴ ገንዘብ ይዘህም አታገኘውም። በዚህ የተቆጣ ሰው ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ግን «ይደብቁታል» የሚለው ከእውነታው ጋር አይገጥምም። ኩርኩሚን ላይ የተደረገው ምርምር ታትሞ ይነበባል። የፓክሊታክሴልን ፍለጋ የከፈለው መንግሥት ነው። ፓተንቱንም ቢሆን የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ እርድን ለቁስል ማዳኛ ብለው ፓተንት አውጥተው ነበር። የህንድ የምርምር ምክር ቤት «ይህ አያቶቻችን የሚያውቁት ነው» ብሎ ተሟግቶ በ1997 አሰረዘው። ውህዱ ትንሽ ከተለወጠ ደግሞ ፓተንት ይሰጣል፤ ከአታቱ ታሪክ እንዳያችሁት። ጸሐፊው «የኛ ተክሎች ጥቅም ለኛም ይድረስ» ያሉት ላይ ግን አብሬያቸው ነኝ። ሕጉም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብን እውቀትና የተክል ሀብትን ማንም ሳያስፈቅድ እንዳይወስድ ይላል። የቴፒና የቦንጋ ጫካ፣ የኮረሪማው፣ የጥምዙ ጉዳይ በሚገባ ይጠና ካሉ ፊርማዬን እሰጣለሁ።

«የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው ላይ ግን አንስማማም። የመጀመሪያው ነገር ጥምዙ ነው። ጥምዝ የቁንዶ በርበሬ ቤተሰብ ነው። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ፓይፐሪን አለ። ጸሐፊው ይህ ውህድ ኩርኩሚን ወደ ደም እንዲገባ 20 እጥፍ ይረዳል ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ህንድ ውስጥ በተሠራ አነስተኛ ጥናት እንዲያ ተገኝቷል፤ ልክ ናቸው። ግን የሚረዳው እንዴት ነው? አንጀትና ጉበት ውስጥ ያሉ፣ ባዕድ ነገር የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን በማፈን ነው። እነዚያው ኢንዛይሞች ናቸው አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችንም የሚሰባብሩት። ኢንዛይሙ ሲታፈን የአንዱ መድኃኒት መጠን በደም ውስጥ ከሚፈለገው በላይ ይወጣል። የሌላው ደግሞ ይወርዳል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የሚወስዱ ሴቶች ኩርኩሚን ከፓይፐሪን ጋር ሲወስዱ የመድኃኒቱ ዋና ሥራ ሠሪ ክፍል በደማቸው ቀነሰ። ታሞክሲፈን እዚህ ጅማም በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ነው።

ከዚያ ጉበቱ አለ። በተለያየ አገር በተጠናከረ መልክ የተዘጋጀ እርድ የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ተቆጥቶ ሆስፒታል ገብተዋል። ወጥ ውስጥ ባለው እርድ ግን እንዲህ ሆነ ሲባል አልሰማሁም። መጠኑ ነው ነገሩ። «የተፈጥሮ» የተባለ ነገር በብዛት ሲሰጥ ምን እንደሚያመጣ ያየነው ደግሞ ዛሬ አይደለም። ካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን ፊንላንድ ውስጥ በኪኒን ለሚያጨሱ ወንዶች ሰጧቸው። ከሳንባ ካንሰር ይጠብቃቸዋል ተብሎ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ የወሰዱት 18 በመቶ የበለጠ የሳንባ ካንሰር ያዛቸው። 29 ሺህ ሰው የተሳተፈበት ጥናት ነው። ካሮት መብላት ግን አሁንም ጥሩ ነው።

ደግሞ ዱቄቱ ራሱ አለ። ገበያ ላይ የተፈጨ ቅመም ስትገዛ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም። እርድ ቢጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ተጨምሮበት ባንግላዴሽ ውስጥ ተይዟል። እኛ አገር ደግሞ በተፈጨ በርበሬ ውስጥ አፍላቶክሲን መገኘቱ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጽፏል። አፍላቶክሲን እርጥብ ሆኖ የተቀመጠ ቅመምና እህል ላይ የሚወጣ ሻጋታ የሚያመርተው መርዝ ነው። የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት ከታወቁት ነገሮች ተርታ ነው። የጅማን ዝናብና እርጥበት ለሚያውቅ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቅመማችሁን በደንብ አድርቁ፤ የሻገተውን ጣሉት። ይህ ምክር ከማር ጋር ከተለወሰው ማንኪያ ይልቅ ካንሰርን የሚከላከል ይመስለኛል።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው፤ ዝንጅብሉን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ከ500 በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ከኬሞ ቀን በፊት ጀምሮ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ዝንጅብል የወሰዱት የመጀመሪያው ቀን ማቅለሽለሻቸው ቀንሷል። ከፀረ ትውከት መድኃኒቱ ጋር ተደርቦ ነው፤ በምትኩ አይደለም። ስለዚህ ኬሞ ላይ ያለ ሰው የዝንጅብል ሻይ ቢጠጣ፣ ሐኪሙ እስካወቀ ድረስ፣ እኔ ተቃውሞ የለኝም። ነገ ቀዶ ጥገና ካለው ግን ይናገር፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲወሰዱ የደም መርጋትን ሊያዘገዩ ይችላሉ።

የቀረችው «ሦስት ወር ሞክሩት» የምትለዋ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው ሕክምናውን ትተው አማራጭ ነገር ብቻ የወሰዱ 281 ሰዎችን ሕክምናውን ከወሰዱት ጋር አነጻጽሯል። በሞት የመቀጠፍ ዕድላቸው 2 ተኩል እጥፍ ነበር። በጡት ካንሰር ለብቻው ሲታይ ከ5 እጥፍ በላይ ነው። እነዚያ ሰዎች በአማካይ የተሻለ ገቢና ትምህርት የነበራቸው ነበሩ። «እኔ ጨርሶ ተዉ አላልኩም፤ ሦስት ወር ብቻ ነው» ይሉኝ ይሆናል። ስለ መዘግየትም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ፣ ቀዶ ጥገና በአራት ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት ዕድል ከ6 እስከ 8 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሦስት ወር ውስጥ አራት ሳምንት ሦስት ጊዜ አለ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ሐኪም ቤት የሚመጣው ቀድሞውኑ ዘግይቶ ነው። አብዛኛው የጡት ካንሰር ታማሚ የሚመረመረው በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ነው። መጀመሪያ ዕብጠቷ ትደበቃለች፤ ከዚያ ጸበል ወይም ዱዓ ይሞከራል፤ ከዚያ የባህል ሐኪም፤ ከዚያ ገንዘብ ይፈለጋል። ቀድሞ የጨረር ሕክምና ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋው ወራት ይወስድ ነበር። አሁን ጅማም አላት፤ ቢሆንም ወረፋው አልጠፋም። በዚህ ሁሉ መዘግየት ላይ ሌላ ሦስት ወር የሚጨመረው በእርድ ምክንያት ነው።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ስለ ኩርኩሚን የጻፉት ይቆይ። የኮምፒውተሩም፣ የኩባንያዎቹም ይቆይ፤ እንከራከርበታለን። የመጨረሻዋን አንቀጽ ግን ከፍተው «ሦስት ወር» የምትለዋን ይሰርዙልን። ጽሑፉን ሼር ያደረጋችሁም የታረመውን መልሳችሁ በዚያው ግሩፕ ላኩ። ማንኪያውን የጀመረ ዘመድ ካላችሁ አትጩኹበት። ዱቄቱን በኪሱ ይዞ ለቀጠሮው ይሂድ፤ ለሐኪሙ አሳይቶ «ይህን እየወሰድኩ ነው» ይበል።